ለትዳር ፍለጋ 6,600 ብር፦ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

ይድረስ ለእትዬ፦

እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 34 ነው። መሐል ሜዳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኜ ስሠራ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ትውልዴ ሞላሌ አካባቢ ነው። እናቴ በየዓመት በዓሉ «ልጅህን ሳልስም ልሙት?» ትለኛለች። እኔም ብቸኝነቱ ከብዶኛል፤ በተለይ ክረምት ላይ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ። እዚህ የማውቃቸው ሴቶች ወይ አግብተዋል፣ ወይ የድሮ ተማሪዎቼ ናቸው፣ ወይ ዘር ሲቆጠር ዘመድ ሆነው ይገኛሉ።

ከአምስት ወር በፊት አንድ የመተዋወቂያ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫንኩ። በነፃ ስጠቀም እስካሁን የተገናኘሁት ከአራት ሴቶች ጋር ነው። የመለሰችልኝ አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም በሦስተኛው ቀን ዝም አለች። አሁን በየቀኑ «9 ሰዎች ወደውሃል፤ እነማን እንደሆኑ ለማየት ክፈል» የሚል መልእክት ይመጣል። ፎቶዎቹ ደብዝዘው ነው የሚታዩት። ክፍያው ለአንድ ወር ከሆነ 1,900 ብር ገደማ ነው፤ ስድስት ወር በአንድ ጊዜ ከተከፈለ ግን በወር 1,100 ይመጣል፣ በድምሩ 6,600። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ «በእኔ ካርድ ልክፈልልህ፣ ብሩን ለእናቴ ትሰጥልኛለህ» ብሎኛል። በቴሌግራም ኮሚሽን እየተቀበሉ የሚከፍሉ ልጆችም አሉ። ገንዘቡ ለእኔ ቀላል አይደለም። ምን ይሉኛል?

የመሐል ሜዳው

የኔ ልጅ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሴን በመጀመሪያ ልንገርህ፦ የስድስት ወሩን አትክፈል። የአንድ ወሩን ግን፣ ከዚህ በታች የምነግርህን አድርገህ ካየህ በኋላ፣ ብትከፍል አልቃወምህም።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ 26 ዓመት በገንዘብ ያዥነት ሠርቻለሁ፤ ዛሬም የዕቁባችን ጸሐፊ ነኝ። አራት ጋብቻም አገናኝቻለሁ፤ ሦስቱ ቤት ሆነው ልጅ አፍርተዋል፣ አንዱ ፈርሷል። ስለዚህ ጥያቄህ በሁለቱም በኩል ነካኝ። በስልክ መተዋወቅን የሚያጣጥል መልስ ከእኔ አትጠብቅ። ሰው ሰውን የሚያገኝበት መንገድ በየዘመኑ ይለያያል፤ የእኔን ባል ያገናኙኝ ሽማግሌዎች ናቸው፣ እነሱንም የላካቸው አንድ የነጠላ ነጋዴ ነበር።

ለክፍያው ስትዘጋጅ የምትገዛውን ነገር በደንብ ለይተህ እወቅ። የምትገዛው መደብ ነው። ገበያ ውስጥ ጥሩ መደብ የያዘች ነጋዴ ዕቃዋ ከሩቅ ይታያል፤ ነገር ግን ገበያው ባልቆመበት ቀን የመደብ ከፍላ ብትቀመጥ ማንም አይመጣላትም። እነዚህ መተግበሪያዎች በክፍያ የሚሰጡት ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ያለ ገደብ ላይክ ማድረግ፣ ማን እንደወደደህ ማየት፣ የአንተ ፎቶ ከሌሎቹ ቀድሞ እንዲታይ ማድረግ፣ ራስህን በሌላ ከተማ እንዳለህ አድርጎ ማሳየት። አዲስ ሰው የሚጨምር ክፍያ ግን የለም። በአካባቢህ ስልኩን ከፍታ የምትጠቀም ሴት ከሌለች፣ ከፍለህም አታገኛትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ገበያው መቆሙን ማየት አለብህ። እዚህ ላይ የአንተ አገር አቀማመጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

የመተግበሪያህን ስም አልነገርከኝም፤ በስፋት የሚታወቀውን ቲንደርን ለምሳሌ እንውሰድ። ሰው የሚፈልግልህ አንተ ካለህበት ቦታ ተነሥቶ በቀጥታ መስመር እየለካ ነው፤ ትልቁ ርቀት 160 ኪሎ ሜትር ነው። ጠመዝማዛውን መንገድ፣ መዘዞን፣ ጣርማ በርን አያውቅም። አሁን ካርታ አውጣና መሐል ሜዳን መሐል አድርገህ ክብ ሥራ። ወደ ሰሜን ደሴና ኮምቦልቻ ይገባሉ፤ ደሴ በቀጥታ መስመር 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ወደ ደቡብ ደብረ ሲናና ደብረ ብርሃን አሉ። ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የአፋር ቆላ ነው። አዲስ አበባ ግን ለጥቂት ታመልጥሃለች! ከመሐል ሜዳ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ከ160 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። እንግዲህ የአንተም መተግበሪያ እንዲሁ ከሆነ፣ በብዛት የሚጠቀመው ሰው ካለባት ከተማ ውጭ ሆነህ ነው አምስት ወር የቆየኸው። አራት ሰው ብቻ ማግኘትህ የመልክህም የዕድልህም ጉዳይ አይደለም፣ ልብህ አይሰበር።

ደብረ ብርሃን ስትመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከዚህ አዲስ አበባ በመንገድ 130 ኪሎ ሜትር ናት፤ በቀጥታ መስመር ደግሞ ከዚያም ታንሳለች። ያው ክብ ከአንተ ጋር ይንቀሳቀሳልና፣ እዚህ ቆመህ ስልክህን ስትከፍት አዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ ትገባለች። የዩኒቨርሲቲያችን ሠራተኞች፣ የፋብሪካውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች፣ የየባንኩ ልጆችም አሉ። ለዚህ ደግሞ አንድ ሳንቲም አትከፍልም። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት፣ ለትምህርት ቤቱ ዕቃ ግዢም ይሁን ለራስህ ጉዳይ ስትወርድ፣ ሁለት ሌሊት እደር። የርቀቱን ልክ እስከ መጨረሻው ግፋው። ማስታወሻ ደብተር ያዝና ጻፍ፦ ስንት ሰው አየህ? ከእነሱ ውስጥ ስለራሷ ሁለት መስመር እንኳ የጻፈችው ስንቷ ናት? ዕድሜዋና ሃይማኖቷ ከአንተ ጋር የሚሄድ ስንት ነው? በሁለት ቀን ውስጥ ስንቷ መለሰችልህ?

ከዚህ ተመልሰህ ቁጥሩን ስታየው መልሱን ራስህ ታገኘዋለህ። ደብረ ብርሃን ላይ ሆነህ ጥሩ ምላሽ ካገኘህ፣ ቦታ የሚቀይረው የክፍያ አገልግሎት ለአንተ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ አንድ ወር ክፈል፣ ይገባሃል። እዚያም ሆነህ ዝም ከተባልክ ችግሩ ርቀቱ አይደለም፤ ፎቶህን ወይም ጽሑፍህን አስተካክል። ይህ ደግሞ በነፃ ነው። ምን ብለህ እንደጻፍክ አልነገርከኝም። «ቀልድ እወዳለሁ፣ ሙዚቃ እወዳለሁ» ብለህ ከሆነ አጥፋው። «መንዝ መሐል ሜዳ እኖራለሁ፣ ትምህርት ቤት ነው የምሠራው፣ የምፈልገው ትዳር ነው» ብለህ ጻፍ። ይህን አይታ የምታልፍህ ሴት ትለፍ፤ የምትቆመው አውቃ ነው የምትቆመው። ቦታ ለውጠህ ከታየህም የምትኖርበትን በመጀመሪያው ቀን ንገራት። በሦስተኛው ሳምንት ላይ «ለካ መሐል ሜዳ ነው ያለኸው» የምትል ልጅ የተዋሸች ያህል ነው የሚሰማት፣ እውነትም አላት።

አሁን ወደ እነዚያ 9 ደብዛዛ ፎቶዎች ልምጣ፤ አንተን የያዘህ እሱ ነው ብዬ ስለማስብ።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ደብረ ብርሃን በሒሳብ ሠራተኝነት ትሠራለች። አምና ልክ እንደ አንተ «14 ሰዎች ወደውሻል» የሚል መጣላት። እንቅልፍ አጣች። እኔው ነኝ «የአንድ ወሩን እንክፈልና ይውጣልሽ» ያልኳት። ውጭ ባለ ዘመዳችን ካርድ ተከፈለና ሥዕሉ ተገለጠ። አብረን ቁጭ ብለን ቆጠርናቸው። 8ቱ ሌላ አገር ያሉ፣ ኢትዮጵያን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። 3ቱ ፎቶም ጽሑፍም የላቸውም። 2ቱ ጻፈችላቸው፣ እስከ ዛሬ አልመለሱም። የቀረው አንዱ ግን እሷ በምትሠራበት ሕንፃ፣ ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ የሚሠራ ልጅ ነበር! በየጠዋቱ ደረጃ ላይ ሰላም ይባባላሉ። ለካ ልቡ ከእሷ ጋር ነበር፣ አፍ አውጥቶ መናገር አቅቶት።

አራት ወር ያህል ቡና እየጠጡ ተዋወቁ። እሱ ውጭ አገር መሄድ ፈለገ፣ እሷ እናቷን ትታ መሄድ አልፈለገችም፤ ተከባብረው ተለያዩ። እኔ ያ ገንዘብ ባከነ ባይ ነኝ፤ ሰውዬው ደረጃው ላይ ነበራ። እሷ ግን አትስማማም። «እትዬ፣ ያለዚያ ስልክ ልቡን በምን አውቅ ነበር?» ትለኛለች። ለዚህ እስካሁን መልስ የለኝም። አንተም የእሷ ዓይነት ሰው ከሆንክ የእኔን ሒሳብ ብቻ አትከተል።

ነገር ግን ይህን እወቅ። «ይህን ያህል ሰው ወዶሃል» የሚለው መልእክት ሁሉ ጀርባው ላይ እውነተኛ ሰው አለ ብለህ አትመን። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ማች ግሩፕን ፍርድ ቤት አቁሞታል፤ ማች ዶት ኮም የተባለውን የመተዋወቂያ ድረ ገጽ የሚያስተዳድረው፣ ቲንደርም የእሱ የሆነው ድርጅት ማለት ነው። ከክሱ ነጥቦች አንዱ፣ አጭበርባሪ ሊሆኑ ይችላሉ ተብለው ከተጠረጠሩ አካውንቶች የመጣን ፍላጎት «አንድ ሰው ወድዶዎታል» እያለ ላልከፈሉ ሰዎች በማስታወቂያ ይልክ ነበር፣ በዚያም ሰዎች እየከፈሉ ገብተዋል የሚል ነው። ሌላው ነጥብ ክፍያውን ማቋረጥ አስቸጋሪ ተደርጓል የሚል ነበር። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2025 በ14 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ይህን የምነግርህ ሁሉም አጭበርባሪ ነው ለማለት አይደለም። ደብዛዛ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም ለማለት ነው፤ ገንዘብ ያዥ ያለ ደረሰኝ አትከፍልም።

ዋጋውም ቢሆን እንደ ስኳር ለሁሉም አንድ አይደለም። ቲንደር እ.ኤ.አ. በ2015 ፕላስ የሚለውን የክፍያ ደረጃ አሜሪካ ውስጥ ሲጀምር፣ ከ30 ዓመት በታች ላለ ሰው በወር 9.99 ዶላር፣ 30ን ላለፈ ግን 19.99 ዶላር አስከፍሎ ነበር፤ በዚህም ተከሷል። ዋጋ እንደ አገሩ ይለያያል፣ ቅናሽም ይመጣል ይሄዳል። ስለዚህ «ዛሬ ብቻ» የሚል ቅናሽ ስታይ አትደንግጥ። በወር 1,100 የሚለውም አያታልልህ፤ ከኪስህ የሚወጣው 1,100 አይደለም፣ 6,600 ነው፣ ያውም ዛሬ። በሁለተኛው ወር ሰው ብታገኝ፣ ወይም ኔትወርክ ሳምንታት ቢጠፋ፣ የከፈልከው ቀን መቁጠሩን አያቆምም። ኔትወርክ ጠፍቶ መክረምን የእኛ አካባቢ ሰው መቼም አይነገረውም።

ስለ አከፋፈሉ ደግሞ፦ በቴሌግራም የሚከፍሉት ልጆች የአካውንትህን የይለፍ ቃል ከጠየቁህ እንዳትሰጥ። ፎቶህ፣ የጻፍከው ሁሉ፣ የኢሜይልህ ቁልፍ እነሱ እጅ ይገባል። የአክስትህ ልጅ ይሻላል፣ ግን ሒሳባችሁን በዶላር ተነጋገሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሬው በገበያ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄዷል። ዛሬ በብር የተስማማችሁት የዛሬ ሦስት ወር ለእሱ ኪሳራ ሊሆን ይችላል፣ አክስትህም መሐል ይገባሉ።

ከሁሉ በላይ ይህን አደራ። ክፍያው ካላቆምከው ራሱን ያድሳል። መተግበሪያውን ከስልክህ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። እኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ የአገልግሎቱን ስም አልጠራም። የእህቴ ልጅ ከዚያ ልጅ ጋር ስትጀምር መተግበሪያውን ከስልኳ ሰረዘችው፣ በቃ አለቀ ብለን ተቀመጥን። የዘመዳችን ካርድ ግን ሁለት ወር ተጨማሪ ተቆረጠበት። እሱ ይሉኝታ ይዞት ቆይቶ ነው የነገረን። ገንዘቡን መለስኩለት፤ ያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር ግን አልረሳውም። አንተ በከፈልክበት ቀን፣ እዚያው ወዲያው፣ ፕሌይ ስቶር ገብተህ ክፍያዎችና ምዝገባዎች ከሚለው ውስጥ ሰርዘው። ብትሰርዘውም የከፈልክበት ወር እስኪያልቅ ያገለግልሃል። ክፍያው በአክስትህ ልጅ ስልክ ወይም አካውንት ከተፈጸመ የሚሰርዘው እሱ ነው፤ ከመክፈሉ በፊት ተነጋገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን የትኛውም የክፍያ ደረጃ አይሠራልህም። «ዘር ሲቆጠር ዘመድ ይሆናሉ» ብለህ ጽፈሃል። መንዝ ውስጥ ሰው አያት ቅድመ አያቱን ቆጥሮ የሚያድግ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ካልጠራ ጋብቻ አይታሰብም። በስልክ ያገኘሃት ልጅ ደሴ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ አድጋ፣ አያቷ ግን ከሞላሌ የሄዱ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለ አይቻለሁ። ካገናኘኋቸው አራቱ በፊት አምስተኛ ነበር፤ ልብሱ ሁሉ ተገዝቶ፣ ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው ሲቆጥሩ በአምስተኛው ቤት ተገናኙ። የልጅቷ ለቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት፣ ልብ ሳይጠና፣ «እናትሽ ከወዴት ናቸው? አያትሽስ የማን ልጅ ይባላሉ?» ብለህ ጠይቅ። አታፍርም፣ አታፍርብህም፤ ለትዳር የምትፈልግ ልጅ ጥያቄው ደስ ይላታል።

የተረፈህን 4,700 ብር ደግሞ ለመንገድ አድርገው። የምትመልስልህ ልጅ ስትገኝ ደብረ ብርሃን መጥተህ በአካል እያት። እናትህንም ሰላም በልልኝ።

ውድ እትዬ፦ ሸዋ ሮቢት የምሠራ ነርስ ነኝ፣ ዕድሜዬ 31። እኔ ደግሞ ላይክና መልእክት በዝቶብኝ መለየት አቃተኝ። ብከፍል የተሻሉ ሰዎች ይመጡልኛል? አንድ ውጭ አገር ያለ ሐኪም ነኝ የሚል ሰው ደግሞ ሁለት ወር ጻፈልኝና ወርቅና ስልክ ልኬልሻለሁ አለ። አሁን «ዕቃው ጉምሩክ ተይዟል፣ 18,000 ብር አስገቢ» ብሎ የአንድ ሰው የሒሳብ ቁጥር ልኮልኛል።

እኅቴ፣ መጀመሪያ የኋለኛውን፦ እንዳትከፍዪ። ቀረጥ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አይገባም። ያላዘዝሽው፣ ያላየሽው፣ በስምሽ የመጣ ወረቀት እንኳ የሌለው ዕቃ የለም። «ትንሽ ብቻ ላኪ፣ ቀሪውን እኔ» ይልሽ ይሆናል፤ ትንሹን ከላክሽ የመጋዘን ኪራይ፣ ቀጥሎ ቅጣት ይመጣል። በቪዲዮ ፊቱን እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ኔትወርክ የለም፣ ካሜራዬ ተበላሽቷል ማለቱ አይቀርም። ሁለት ወር ያወራሽውን ሰው አጣሁ ብለሽ ብታለቅሺ አልፈርድብሽም፤ የጻፍሽለት ነገር ከልብሽ ነበር።

ለመክፈሉ ግን አንቺ ምንም አያስፈልግሽም። ክፍያ የሚጠቅመው ሰው የማያየውን ነው፣ አንቺን ደግሞ እያዩሽ ነው። የቸገረሽ ማጣራት ነው፤ እሱን በእጅሽ ሥሪው። «ሃይ» ብቻ ብሎ የጻፈውን እለፊ። የጻፍሽውን አንብቦ ስለ እሱ የጠየቀሽን ያዢ። በሳምንት ከሦስት ሰው በላይ አታውሪ፤ የነርስ ተረኛነት ይዞሽ ሃያ ሰው ማስተናገድ አትችዪም። በአካል ስታገኚው በቀን፣ ሰው ባለበት ካፌ፣ አብራሽ ለምትሠራ አንዲት ሴት ነግረሽ ሂጂ።

ያ ሰውዬ የላከልሽን የሒሳብ ቁጥር፣ ስልኩንና መልእክቶቹን ሁሉ ሳታጠፊ ፎቶ አንሺያቸውና ለፖሊስ አሳዪ። እሱን የምትዘጊው ከዚያ በኋላ ነው።